ከቤት ውጭ መዝናናት በወረርሽኝ ወቅት፦ የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻና የታቦር ተራራ

የሐዋሳ ከተማ ነዋሪ ንጹሕ አየር ለመቀበል ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በስምጥ ሸለቆው ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ስትሆን የታቦር ተራራም ከደጇ ይገኛል። በበጋው ወራት፣ በተለይም በታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል በዓልና በገና ሰሞን፣ ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች የሚመጡ እንግዶች በፍቅር ሐይቅና በአሞራ ገደል ከነዋሪው ጋር ይቀላቀላሉ። ይህን መልካም ልማድ በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት መቀጠል ይቻላልን?

ይቻላል። እንዲያውም ይመከራል። ሆኖም አንድ ነገር መገንዘብ ያስፈልጋል፤ የሽርሽር አደጋ የሚበረታው ተራራው ላይ ወይም ሐይቁ ዳር ሳይሆን በመንገዱና በማዕዱ ነው።

ገላጣ ስፍራ ለምን ይሻላል?

ቫይረሱ በዋነኛነት የሚተላለፈው በበሽታው የተያዘ ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲናገር፣ ሲዘምር ወይም ሲተነፍስ በሚወጡ ጠብታዎችና ረቂቅ ቅንጣቶች አማካይነት ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቅንጣቶቹ በአየሩ ውስጥ እየተጠራቀሙ ይቆያሉ፤ በገላጣ ስፍራ ግን ነፋሱ ወዲያው ይበትናቸዋል። በቻይና በወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት በተጠኑ 318 የስርጭት ክስተቶች ውስጥ ከቤት ውጭ የተከሰተው አንድ ብቻ እንደነበር ተመዝግቧል።

ከዚህም በላይ እንቅስቃሴ ራሱ ጤና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ለልጆችና ለወጣቶች ደግሞ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ይመክራል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ከተዘጉ በኋላ በቤት ውስጥ ረጅም ጊዜ ላሳለፉ ልጆች፣ በማለዳ ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ታቦር መውጣት ለአካልም ለመንፈስም የሚበጅ ነው።

ነገር ግን የሚጠብቀን ሰማዩ ብቻ አይደለም። በገላጣ ስፍራም ቢሆን ፊት ለፊት ተጠጋግተው ለረጅም ጊዜ የሚጨዋወቱ ሰዎች ቫይረሱን ሊተላለፉ ይችላሉ። ስለዚህ የሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀት ይጠበቅ፤ ሰው በሚበዛበት ቦታም ጭምብል ይደረግ። ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ የሚያጥርዎ ከሆነ ከሌሎች ራቅ ብለው ጭምብሉን ማውለቅ ይችላሉ።

በመንገድ ላይ

ወደ ሐይቁ የሚያደርሰን ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ከሐይቁ ዳርቻ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል። በተሽከርካሪ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን አንድ አየር እንጋራለን። «ብርድ ይመታኛል» በሚል ስጋት መስኮት ማስዘጋት በብዙዎቻችን ዘንድ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ኮቪድ-19ን የሚያመጣው ቫይረስ እንጂ ነፋስ አይደለም፤ በመስኮት የሚገባው አየር ቫይረሱን ጠርጎ የሚያወጣ ባለውለታ ነው። ብርዱን በጋቢ ወይም በነጠላ መከላከል ይቻላል፤ መስኮቱ ግን ይከፈት።

በኅብረት ጉዞ መዝሙርና ዘፈን የተለመደ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት 61 ሰዎች በአንድ አዳራሽ የመዘምራን ልምምድ ካደረጉ በኋላ 53ቱ በቫይረሱ መያዛቸው ተረጋግጧል ወይም ታምኗል። በልምምዱ ጊዜ ከመካከላቸው የሕመም ምልክት የነበረበት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ስለሆነም ዜማውን ከመኪና እስክንወርድ ብናቆየው ይበጃል።

በጀልባ

ጀልባ ክፍት ቢሆንም መቀመጫው ጠባብ ነው። ከተቻለ አብረው ከሚኖሩ የቤተሰብ አባላት ጋር ብቻ ይሳፈሩ። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈውን የሕይወት አድን ጃኬት በንክኪ ፍራቻ አለመልበስ ግን ስሕተት ነው፤ የመስጠም አደጋ ከጃኬቱ ንክኪ ይልቅ እጅግ ይከፋል። ጃኬቱን ይልበሱ፤ ሲወርዱ እጅዎን በሳኒታይዘር ወይም በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ያጽዱ። የሐይቁን ውኃ ለእጅ መታጠቢያ አይጠቀሙ፤ የቢልሃርዚያ በሽታ ሊያስይዝ ይችላል።

በማዕድ ዙሪያ

ጭምብል የሚወልቀው፣ ጨዋታ የሚደራውና ሰው የሚጠጋጋው በምግብ ሰዓት ነው። በአሞራ ገደል የተጠበሰ ቆሮሶ ወይም የዓሣ ሾርባ ሲያዝዙ ከጎጆው ውስጥ ይልቅ በዛፍ ጥላ ሥር መቀመጥን ይምረጡ፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ሳህን እንዲቀርብ ይጠይቁ። ዓሣ ሻጮችና ምግብ አቅራቢዎችም ጠረጴዛዎችን በማራራቅ፣ የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና በማዘጋጀት ደንበኛንም እንጀራቸውንም ይጠብቃሉ።

ከአንድ ገበታ መብላትና መጎራረስ የፍቅራችን መግለጫ ነው። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው የሲዳማ ሕዝብ የፍቼ ጨምበላላ በዓልም በእንሰትና በቅቤ የሚዘጋጀውን ቡርሳሜ አብሮ መቋደስን ያካትታል። ይህን መተው ከባድ መሆኑን እንረዳለን። የተጠየቀው ግን ፍቅሩን መተው ሳይሆን ጉርሻውን ለጊዜው ማቆየት ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ

በቫይረሱ የተያዘ ሰው ምልክት ከማሳየቱ ሁለት ቀን ገደማ በፊት ጀምሮ ሊያስተላልፍ ይችላል። ከሽርሽር በደስታ የተመለሰ ወጣት ሳያውቀው በሽታውን ለአያቱ ሊያደርስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ሕመሙ በአብዛኛው የሚጸናው በአረጋውያንና የስኳር፣ የልብ፣ የሳንባ ወይም የኩላሊት ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ነው። ስለዚህ፦

• ትኩሳት፣ ሳል፣ ድካም ወይም ማሽተት አለመቻል ካለብዎ ሽርሽሩን ይሰርዙ።
• ከተፋፈገ ስፍራ ከተመለሱ ለ14 ቀናት በአረጋውያን አጠገብ ጭምብል ያድርጉ፤ መስኮት ይክፈቱ።
• አረጋውያንን ቤት ከመተው ሰው በማይበዛበት ማለዳ ይዘዋቸው ይውጡ፤ ፀሐይና አየር ለእነርሱም ያስፈልጋቸዋል።
• በሀገራችን ከመጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ መሰጠት የጀመረውን ክትባት ይውሰዱ።
• ምልክት ከታየብዎ ራስዎን ለይተው በነጻ የስልክ መስመር 8335 ይደውሉ።

ሐይቁም ተራራውም የሁላችንም ነው። ሽርሽሩ መልካም ነበር የሚባለው አብረውን የወጡትም ቤት የጠበቁንም በጤና ሲሰነብቱ ነው።