ያልተወራረዱ መጻሕፍት

መጽሐፉን ያገኘሁት ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ፣ አስፋልት ዳር ከተዘረጉት አሮጌዎች መሃል ነው። ሽፋኑ ተገንጥሎ በካርቶን የተለበደ የወንጀል ልብ ወለድ ትርጉም ነበር። ተከራክሬ በ120 ብር ወሰድኩት። ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ገጽ 60 ስደርስ ገዳይዋ የእንጀራ እናቲቱ መሆኗ ወለል ብሎ ታየኝ። «ጭንቅላት ማለት ይሄ ነው!» ብዬ ባለቤቴ ላይ ጎረርኩ። እሷ ምንም ሳትል ተነስታ ከመደርደሪያው ታችኛው ረድፍ ያንኑ መጽሐፍ ከነሽፋኑ አወጣችልኝ። ለካ ከሁለት ዓመት በፊት አንብቤዋለሁ።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የመሥሪያ ቤት ገንዘብ በሳንቲም ስቆጥር ውዬ የራሴን ንባብ እንዲህ ማዝረክረኬ አሳፈረኝ። በማግስቱ ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ ገዛሁና በማውቀው መንገድ አሰመርኩት፦ ገቢ፣ ወጪ፣ ያልተወራረደ። ገቢ ላይ መጽሐፉ ከየት እንደመጣና መቼ እንደጀመርኩት፣ ወጪ ላይ ለማን እንዳዋስኩት፣ ያልተወራረደው ላይ ደግሞ የትኛው ገጽ ላይ እንዳቆምኩ እጽፋለሁ። ዳር ላይ አንድ መስመር አስተያየት። በቃ። የአዳም ረታ «የስንብት ቀለማት» ያልተወራረደ ውስጥ ከገባ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ ግን አልሰረዝኩትም። ያልተወራረደ ሒሳብ የጠፋ ገንዘብ አይደለም። እንደ መንግሥት በጀት ሰኔ 30 እዘጋለሁ፣ ሐምሌ 1 አዲስ ገጽ እከፍታለሁ።

አራተኛውን ዓምድ ያስጨመረኝ ሼርሎክ ሆምስ ነው። ኮናን ዶይል ከጻፋቸው 60 የሆምስ ታሪኮች 56ቱን የሚተርክልን ጓደኛው ዶክተር ዋትሰን ነው። ዋትሰን ያላየውን እኛም አናይም፤ እሱ ሲሳሳት እኛም አብረን እንሳሳታለን። ደራሲው የሚጫወትብን በዚህች ቀዳዳ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ የወንጀል ልብ ወለድ ትይዩ «ነጋሪው ማነው?» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ።

በዚያው ሰሞን የማነበው የአፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ነበር። መዝገብ ባዶ ቦታ አይወድም፤ በታሪክ መጽሐፉም ረድፍ ያችን ጥያቄ መሙላት ነበረብኝ። ስፈልግ የንጉሡን ዜና መዋዕል የጻፉ ሦስት የዘመኑ ሰዎች አገኘሁ። አለቃ ዘነብ ንጉሡን በወዳጅ ዓይን ያያቸዋል። አለቃ ወልደ ማርያም ለአቡነ ሰላማ የቀረበ ሰው ነው፤ ጳጳሱ ደግሞ መቅደላ ላይ በንጉሡ እስር እንዳሉ ነው የሞቱት። ሦስተኛው ስሙን እንኳ አልነገረንም። አንድ ንጉሥ፣ ሦስት ምስክር። ሆምስ ቢሆን ገና ቃላቸውን ሳይሰማ «ይሄ ምስክር ከሟቹ ጋር ምን ነበረው?» ብሎ ይነሳ ነበር። እኔ ግን የታሪክ መጽሐፍን ስንት ዓመት ሙሉ ማኅተም እንዳረፈበት ደብዳቤ ተቀብዬ ኖሬያለሁ። ልብ ወለዱና ታሪኩ አንድ ገጽ ላይ ባይሰለፉ ይህ አይገለጥልኝም ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ታሪክ የሚመዘግብ ሰው የዘመን አቆጣጠሩንም ይጻፍ። አንዱ መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሞቱት በ1860 ነው፣ ሌላው በ1868 ነው ሲሉኝ ጉድለት እንዳገኘ ኦዲተር ደስ አለኝ። ጉድለት አልነበረም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 በፈረንጆቹ ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ነው። አሁን ከዓመቱ አጠገብ «የኛ» ወይም «የነሱ» እላለሁ።

ባለፈው ሰኔ 30 ማታ ስዘጋ 19 መጻሕፍት ተወራርደው፣ አራት ተንጠልጥለው ቀርተው ነበር። ባለቤቴ ቡና እያፈላች መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ታገላብጣለች። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። ያ በካርቶን የተለበደው መጽሐፍ ነው። አስተያየቱን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፦ «ደካማ ድርሰት። ገዳይዋ ገና በ60ኛው ገጽ ትታወቃለች።»

ቀና ብላ አየችኝ። እስክሪብቶዬን አነሳሁና «ነጋሪው ማነው?» በሚለው ዓምድ ሥር፣ ባዶ ቀርታ በነበረችው ቦታ ላይ «እኔ» ብዬ ጻፍኩ።