የማስፋፊያ ካርድ ብልሽት አሰያየም፦ «አልሠራም» የሚለው ቃል በቂ ነውን?

የሙያ ቃላት ተግባር ዕቃን መሰየም ብቻ አይደለም፤ ሙያተኛው የገጠመውን ችግር ከሌላው ችግር ለይቶ እንዲናገር ማስቻልም ጭምር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ሊኑክስ በተባለው ክፍት ምንጭ ሥርዐተ ክወና በሚሠራ ላፕቶፕ ውስጥ ስለሚገባ ማስፋፊያ ካርድ ብልሽት የሚነገርበትን ቋንቋ ነው።

ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ አለመሆኑን በምሳሌ እንይ። አርቦዬ በአርሲ የጀጁ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እዚያ የሚያስተምር አንድ መምህር የላፕቶፑ የዋይፋይ ካርድ ቢሰንፍበትና አሰላ ለሚገኝ ጠጋኝ በስልክ «ካርዱ አልሠራም» ቢለው፣ ጠጋኙ ከዚህ ዐረፍተ ነገር የሚረዳው እጅግ ጥቂት ነው። ካርዱ ከቦታው ተንቀሳቅሶ ይሆናል፤ አንድ ፋይል ጎድሎት ይሆናል፤ ወይም ሳያውቁት በአንድ ቁልፍ ተዘግቶ ይሆናል። ለመጀመሪያው ብሎን መፍታት፣ ለሁለተኛው ፋይሉን በፍላሽ መላክ፣ ለሦስተኛው ቁልፉን መጫን ይበቃል። ልዩነቱን የሚገልጽ ቃል ሲጠፋ ግን ባለቤቱ ደኅናውን ካርድ ጥሎ ሌላ ይገዛል፤ አለዚያም በከንቱ ወደ አሰላ ይመላለሳል።

«ካርድ» የሚለው የውሰት ቃል ራሱ ብዙ ሸክም ያለበት ነው። በሆስፒታል የበሽተኛው መዝገብ፣ በሱቅ የስልክ ሒሳብ መሙያ፣ በፎቶ ቤት የካሜራው ማኅደር ሁሉ «ካርድ» ይባላል። ስለዚህ ለምንናገርለት ዕቃ «ማስፋፊያ ካርድ» የሚለውን ሙሉ ስም መርጠናል። ዕቃውም በየጊዜው መልኩን ለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1989 የተቋቋመው ፒሲኤምሲአይኤ የተባለ ማኅበር ባወጣው ደረጃ መሠረት ከላፕቶፑ ጎን የሚገባው ካርድ 54 ሚሊሜትር ስፋትና 68 የመገናኛ ቀዳዳዎች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤክስፕረስካርድ ተከተለው። ዛሬ በብዛት የሚገኘው ከክዳኑ ሥር የሚሰካው፣ ብዙውን ጊዜ 22 ሚሊሜትር ስፋት ያለው «ኤም 2» ነው።

ካርዱ የሚገባበትን ስፍራ «መሰኪያ» ብንለው አሻሚ ይሆናል፤ ቃሉ የሚሰካውንም የሚሰካበትንም ሊያመለክት ይችላልና። ስለዚህ ስፍራውን «ማስገቢያ» እንላለን።

ከዚህ ቀጥሎ ብልሽቱን በአምስት ደረጃ ከፍለን ለእያንዳንዱ አንድ ግሥ እናቀርባለን። ትእዛዞቹን ለመጻፍ እንዲያመች በፊደሎቻቸው ስም አስቀምጠናቸዋል።

ሀ. አልተሰካም። ካርዱ በማስገቢያው ውስጥ በሚገባ አልተቀመጠም፤ ወይም ጫፉ አቧራ ይዟል። ላፕቶፑ ይጠፋል፤ ባትሪው ይለያል፤ ካርዱ ወጥቶና ተጠርጎ ይመለሳል።

ለ. አልተስማማም። ካርዱ ገብቷል፤ ማስገቢያው ግን የሚያናግረው በሌላ መንገድ ነው። ለምሳሌ ሳታ የተባለውን መስመር የሚጠቀም የኤም 2 ማኅደር፣ ኤንቪኤምኢን ብቻ በሚቀበል ማስገቢያ ውስጥ ሊገጥም ይችላል፤ አይሠራም። መግጠምና መስማማት ሁለት ነገሮች መሆናቸውን አማርኛ አስቀድሞ ያውቃል።

ሐ. አልታየም። «ኤል-ኤስ-ፒ-ሲ-አይ» የተባለው ትእዛዝ ሥርዐቱ በፒሲአይ መስመር ያገኛቸውን ዕቃዎች ይዘረዝራል፤ በዩኤስቢ መስመር ለሚገናኙት «ኤል-ኤስ-ዩ-ኤስ-ቢ» አለ። ካርዱ ከዝርዝሩ ከሌለ አልታየም እንላለን። ምክንያቱ ከላይ ከተጠቀሱት ሁለቱ አንዱ፣ ወይም በላፕቶፑ የመነሻ ማስተካከያ ገጽ መዘጋቱ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁሉ ተፈትሸው፣ በሌላ ላፕቶፕም ተሞክሮ ካልታየ ብቻ ነው በየጥገና ቤቱ የሚዘወተረው «ተቃጥሏል» የሚለው ፍርድ የሚገባው።

መ. አልተነዳም። ካርዱ ታይቷል፤ የሚያሠራው ሶፍትዌር ግን አልያዘውም። በዚያው ትእዛዝ ላይ ሰረዝና «ኬ» ሲጨመር እያንዳንዱን ካርድ የያዘው ሶፍትዌር ስም ከሥሩ ይወጣል፤ ስም ካልወጣ ካርዱ ነጂ የለውም ማለት ነው። «ነጂ» የሚለውን የመረጥነው «ነዳ» ከከብት እስከ መኪና ያገለገለ፣ በ«መንጃ ፈቃድ»ም የሚኖር ግሥ ስለሆነ ነው።

ሠ. አልተጫነበትም ወይም ተዘግቷል። ነጂው አለ፤ ነገር ግን ካርዱ ራሱ ሲነሣ የሚቀበለው ፈርምዌር የተባለ ፋይል ጎድሏል። «ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ» የተባለው ትእዛዝ የከርነሉን መልእክቶች ሲያሳይ የጎደለውን ፋይል በስሙ ይጠራል። ለዋይፋይ ካርድ ይህ ልዩ ችግር አለበት፤ ፋይሉን ለማምጣት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ፋይሉ። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ዴቢያን ነጻ ያልሆኑ ፈርምዌሮችን በመደበኛው መጫኛ ውስጥ ያካተተው እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 12ኛ እትሙ ነው። ከዚያ በፊት በወጣ እትም የሚሠራ ሰው ፋይሉን ከሌላ ኮምፒዩተር በፍላሽ ማምጣት ግድ ይሆንበታል። ሁሉም ተሟልቶ ሬዲዮው ብቻ ከጠፋ ግን «ተዘግቷል» እንላለን፤ «አር-ኤፍ-ኪል» የተባለው ትእዛዝ መዝጊያው በሶፍትዌር ይሁን በአካላዊ ቁልፍ ለይቶ ይነግረናል።

ከእነዚህ ግሦች አንዱም አዲስ ፍጥረት እንዳልሆነ አንባቢው ልብ ይበል። ለዕቃዎቹ ግን «ካርድ»፣ «ፈርምዌር»፣ «ከርነል» የሚሉትን የውሰት ቃላት እንዳሉ ትተናል። «ከርነል»ን «አስኳል» ማለት ይቻል ነበር፤ ይሁን እንጂ ጠጋኙ በመስኮቱ ላይ የሚያነበው የውሰቱን ቃል ስለሆነ ስሙን መለወጥ ሥራውን ያደናቅፍበታል።

ይህ አካሄድ ለአርሲ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ርዳታ አሰላን ማዕከል አድርጎ የተቋቋመው፣ በአጭሩ ካዱ የተባለው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ሥራ ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ የደጋው ገበሬ ከእርሻ መሣሪያዎች ጋር ተዋውቋል። «ትራክተር» እና «ኮምባይነር» የሚሉትን ስሞች ተውሷል። ነገር ግን ትራክተሩ ያርሳል፤ ኮምባይነሩ ያጭዳል፣ ይወቃል። ስሙ ከውጭ መጣ፤ ግሡ ከማሳው አልተነሣም። በዚህም ምክንያት ገበሬው መሣሪያው አጭዶ በሚገባ አለመውቃቱን በራሱ ቋንቋ መናገር አላስቸገረውም።

አማርኛና አፋን ኦሮሞ ጎን ለጎን በሚነገሩበት አካባቢ ይህ ክፍፍል ሌላም ጥቅም አለው። የዕቃው ስም ለሁለቱም ተናጋሪዎች የጋራ ሆኖ ይቆያል፤ የሁኔታውን ግሥ ግን እያንዳንዱ ቋንቋ ከራሱ ጎተራ ያወጣል።

የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. ሲታተም ዛሬ በላፕቶፕ ውስጥ የምናገኘው ኤም 2 ገና አልተፈጠረም ነበር። ወደፊት የሚዘጋጁ የሙያ መዝገበ ቃላት የአዳዲስ ዕቃዎችን ስም ከመመዝገብ ጋር የብልሽታቸውን ግሦችም በየደረጃቸው እንዲመዘግቡ እናሳስባለን። ያን ጊዜ የአርቦዬው መምህር «ካርዱ ታይቷል፤ ግን አልተነዳም» ብሎ ስልኩን ሲዘጋ፣ አሰላ ያለው ጠጋኝ ምን ይዞ እንደሚጠብቀው ያውቃል።