ከገበያ ዐረብኛ ወደ ጽሑፍ ዐረብኛ

እ.ኤ.አ. በ2023 ጦርነት እስከ ተቀሰቀሰ ድረስ በካርቱም፣ በተለይም ዴም በሚባለው ሰፈር፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ዐረብኛን የተማሩት ከጎረቤትና ከገበያ ነው። በዋጋ ይከራከሩበታል፣ ይቀልዱበታል፣ የተጣላም ያስታርቁበታል። ይሁን እንጂ የቤት ኪራይ ውል ሲቀርብላቸው የሚያነብላቸው ሰው መፈለግ ግድ ይሆንባቸዋል፤ ሳያነቡ የሚፈርሙም አሉ። ከዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው ያለ አስተማሪ ወደፊት እንዴት ሊራመድ እንደሚችል በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ፣ የሱዳን የአፍ ዐረብኛና ፉስሐ የሚባለው የጽሑፍ ዐረብኛ የተራራቁ መሆናቸው መታወቅ አለበት። የካርቱም ሰው «ምን» ለማለት «ሽኑ» ሲል ጋዜጣው «ማዛ» ይላል። በጽሑፍ «ቃለ» የሆነው ግሥ በሱዳን አፍ «ጋል» ነው። ይህ ግን በጥቂት ወራት ይለመዳል።

የሚከብደው ንባቡ ነው። የእኛ ፊደል አናባቢውን ይዞ ይጻፋል፤ የዐረብኛ ጽሑፍ ግን አጫጭር አናባቢዎችን አብዛኛውን ጊዜ ይተዋቸዋል። ስለዚህ ካፍ፣ ታእና ባእ ተከታትለው ቢጻፉ «ከተበ» ማለትም ጻፈ፣ «ኩቲበ» ማለትም ተጻፈ፣ ወይም «ኩቱብ» ማለትም መጻሕፍት ተብለው ሊነበቡ ይችላሉ። የሚለየው ዐረፍተ ነገሩ ነው። በጆሮው ብቻ የተማረ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው።

ሆኖም ኢትዮጵያዊ ተማሪ ባዶ እጁን አይጀምርም። ግሥን ከሥር ፊደላት ማርባት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ቅኔ ቤት የዋለ ሰውማ የግእዙን «አስተ» በዐረብኛው «ኢስተ» ውስጥ ወዲያው ያገኘዋል። ቤት «በይት»፣ ሞት «መውት» ነው። መመሳሰሉ ሁሉ ግን አይታመንም። «ሙስሐፍ» የእኛን መጽሐፍ ቢመስልም የሚጠራበት በተለይ የቁርኣን ቅጂ ነው።

አጠናኑን በተመለከተ፣ በቀን ከአንድ አጭር የጋዜጣ ዜና በላይ መያዝ አያስፈልግም እንላለን። ተማሪው ዜናውን ገልብጦ የጎደሉትን አናባቢዎች በእርሳስ ያስገባ፤ ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው። የተጠራጠረውን ቃል በመዝገበ ቃላት ሲፈልግ ሥሩን ማውጣት ይኖርበታል፤ ለምሳሌ በሀንስ ዌር መዝገበ ቃላት «መክተብ»፣ ማለትም ቢሮ፣ የሚገኘው በ«ከተበ» ሥር ነው። ሥራው አሰልቺ ነው፤ አቋራጭ ግን አላገኘንለትም። ለሱዳን አነጋገር ደግሞ አውን አሽሸሪፍ ቃሲም እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተሙት የሱዳን የአፍ ዐረብኛ መዝገበ ቃላት አለ።

ጋዜጣው ቀለል ሲል ወደ ውሎች መሸጋገር ይቻላል። በኪራይ ውል አከራዩ «ሙአጅር»፣ ተከራዩ «ሙስተእጅር» ይባላል። ሁለቱም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ በጽሑፍ በዋናነት የሚለያቸው ሲንና ታእ የተባሉት ሁለት ፊደላት ናቸው። ጥገናው የማን እንደ ሆነ፣ ቤቱንም ለመልቀቅ አስቀድሞ ማን ማንን ማስታወቅ እንዳለበት ከውሉ ለማወቅ እነዚህን ሁለት ፊደላት አጥርቶ ማንበብ ያስፈልጋል።