ለሐኪሙ ብቻ የሚነገር

በመንዝ ደጋ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ቤተሰቡ አንድ ባና ሥር ተጠጋግቶ ይተኛል። ለእከክ የሚመቸውም ይኸው መጠጋጋት ነው። እከክን የምታመጣው ተባይ ከቆዳ ወደ ቆዳ የምትሻገረው ረዘም ባለ ንክኪ ነው፤ የምታሳክከውም ይበልጡን ማታ ማታ ነው። በ2008 ዓ.ም. ገደማ ከድርቁ ጋር ተያይዞ በአማራ ክልል በተነሣው ወረርሽኝ፣ በ68 ወረዳዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ሲመረመር ከሦስቱ አንዱ ያህል እከክ ተገኝቶበታል።

ጣቶቹ መካከል ሲወጣበት ማንም እጁን ዘርግቶ ያሳያል። ወንዶች ላይ ግን እከክ ብልትና ቆለጥ ላይ ጠጠር ያሉ፣ ክፉኛ የሚያሳክኩ እብጠቶችን ያወጣል። ያን ጊዜ የሃያ ዓመቱ ወጣት አፉን ይዘጋል። ከማንም ጋር ያልተኛው እንኳ «የአባላዘር በሽታ ነው ቢሉኝስ?» ብሎ ይሠጋል። ዝምታው ደግሞ እሱን ብቻ አይጎዳም። የእከክ ሕክምና የሚሠምረው ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን ሲታከም፣ ልብስና መኝታውም በፈላ ውኃ ሲታጠብ ወይም ታስሮ ለጥቂት ቀናት ሲቀመጥ ነው። አንዱ ከደበቀ ቤቱ ሙሉ እንደገና ማከኩን ይቀጥላል።

ፍርሃቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። የጤና ኬላዋ ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ከተማ ቢወጣም ተራ ከሚጠብቁት መካከል ዘመድ አይጠፋም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በካርድ ክፍሉ መስኮት «ምንህን ነው ያመመህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ራሴን» ከማለት ሌላ ምን አማራጭ አለው? ድምፅን ዝቅ ማድረግና በር መዝጋት በጀት አይጠይቅም፤ የጤና ተቋማቱ ዛሬውኑ ሊያደርጉት ይገባል።

ሕጉ ከታካሚው ጎን ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ሐኪም፣ ነርስ፣ አዋላጅ ወይም ፋርማሲስት በሥራው ያወቀውን ምስጢር ቢያወጣ፣ አቤቱታ ሲቀርብበት በእስራት ወይም በመቀጮ እንዲቀጣ ይደነግጋል። ስለዚህ መስኮቱ ላይ «የቆዳ ችግር ነው፤ የቀረውን ለሐኪሙ እናገራለሁ» ማለት ይበቃል። ልጃገረድም ሴት ባለሙያ እንድታያት ብትጠይቅ ነውር የለበትም። ከሠፈር ዓይን መራቅ የሚሻ ደብረ ብርሃን ወይም ዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል መሄድ ይችላል።

ብዙዎች ግን በአቋራጭ መድኃኒት ቤት ገብተው ቅባት ይገዛሉ። ቅባቱ ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ የብሽሽት ጭርትን ለጥቂት ቀን አስታግሦ ከበፊቱ ያሰፋዋል፤ የብልትን ስስ ቆዳም ያሳሳል። አንዳንዱ እብጠት ደግሞ ጭራሹን በሽታ አይደለም፤ በብዙ ጤነኛ ወንዶች ብልት ጫፍ ዙሪያ የሚደረደሩት ጥቃቅን ጉብታዎች መድኃኒት አያሻቸውም።

አሳሳቹ የማያመው ቁስል ነው። የቂጥኝ የመጀመሪያው ቁስል ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ ባይታከምም በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ወጣቱ ዳንኩ ሲል በሽታው በደሙ ውስጥ ይቆያል፤ ከዓመታት በኋላ ልብንና አንጎልን ሊያጠቃ ይችላል። ገና በጅምሩ ከተደረሰበት ግን አንድ ጊዜ የሚሰጥ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ያድነዋል፤ ጓደኛውም አብራ መታከም አለባት።