የሶፍትዌር ፍተሻና የታካሚ ደኅንነት፦ ከቴራክ-25 አደጋ የሚገኙ ተግባራዊ ትምህርቶች

መግቢያ

ዛሬ የላቦራቶሪ ውጤት የሚመዘግበው፣ የመድኃኒት መጠን የሚያሰላው፣ የጨረር ሕክምና መሣሪያን የሚያዘው ሶፍትዌር ነው። የጤና ባለሙያው አዲስ መድኃኒት ሲቀርብለት እንዴት እንደተፈተነ ይጠይቃል፤ አዲስ ሶፍትዌር ሲቀርብለት ግን ብዙውን ጊዜ አጠቃቀሙን ብቻ ተምሮ ሥራ ይጀምራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሶፍትዌር ፍተሻ ለመሐንዲስ ብቻ የሚተው ሥራ አለመሆኑን፣ በመስኩ በተደጋጋሚ ከሚጠቀሰው የቴራክ-25 አደጋ በመነሣት ማስረዳት ነው።

የአደጋው ታሪክ

ቴራክ-25 አቶሚክ ኢነርጂ ኦፍ ካናዳ በተባለ ድርጅት የተሠራ የጨረር ሕክምና መሣሪያ ሲሆን፣ በአሜሪካና በካናዳ 11 መሣሪያዎች ተተክለው ነበር። እ.ኤ.አ. ከጁን 1985 እስከ ጃንዋሪ 1987 ባለው ጊዜ ስድስት ታካሚዎች ከታዘዘላቸው እጅግ የበለጠ ጨረር ተቀብለዋል፤ በዚሁ ምክንያት ሕይወታቸው ያለፈም ነበሩ።

መሣሪያው በሁለት መንገድ ይሠራል። ለቆዳ ቅርብ ለሆነ ዕጢ ኤሌክትሮን በቀጥታ ይሰጣል፤ ጥልቀት ላለው ዕጢ ግን ኤሌክትሮኑ ከብረት ዒላማ ጋር ተጋጭቶ ወደ ኤክስሬይ ይለወጣል። ለኤክስሬይ የሚያስፈልገው የኤሌክትሮን ፍሰት ከሌላው መቶ ጊዜ ያህል ይበልጣል። ዒላማው በቦታው ሳይኖር ይህ ፍሰት ከተለቀቀ ውጤቱ ገዳይ ነው። ቀደም ሲል በተሠራው ቴራክ-20 ይህን የሚከለክል፣ ከሶፍትዌሩ ተለይቶ የቆመ መከላከያ ነበር። በቴራክ-25 ግን ኃላፊነቱ በአብዛኛው ለሶፍትዌሩ ተሰጠ።

እ.ኤ.አ. በማርች 1986 በቴክሳስ ታይለር ከተማ አንድ ታካሚ ጀርባቸው ላይ 180 ራድ ኤሌክትሮን ታዘዘላቸው። ቴክኒሻኗ በስህተት ኤክስሬይ ብላ ጻፈች፤ ወዲያው አይታ በፍጥነት አረመች። መሣሪያው «ብልሽት 54» የሚል መልእክት አሳይቶ ቆመ፤ የተሰጠውም መጠን ከታዘዘው ያነሰ መሆኑን አመለከተ። የቀጥል ቁልፉን ተጫነች። በዚያ ዕለት የክፍሉ ካሜራም ሆነ የድምፅ መገናኛው አይሠሩም ነበርና፣ ታካሚው የትኩስ ነገር ቃጠሎ እንደተሰማቸውና ከአልጋው ለመነሣት እንደሞከሩ ማየት አልቻለችም። ኋላ በተደረገ ግምት የተቀበሉት መጠን ከ16,500 እስከ 25,000 ራድ ነበር። ከአምስት ወር በኋላ አረፉ።

መሐንዲሶች መሣሪያውን መረመሩ፤ ስህተቱን መድገም አልቻሉምና ወደ ሥራ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ በኤፕሪል ወር በዚያው ክፍል ሁለተኛ ታካሚ ተጎዱ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላም ሞቱ። በዚህ ጊዜ የማዕከሉ የፊዚክስ ባለሙያ ከቴክኒሻኗ ጋር ተቀምጠው፣ ያደረገችውን ሁሉ ደጋግመው ሞከሩ። ምሥጢሩ የጽሕፈቷ ፍጥነት ነበር። የመሣሪያው ማግኔቶች እስኪስተካከሉ 8 ሰከንድ ያህል ይወስዳሉ፤ እርማቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሲገባ በስክሪኑ ላይ ይታያል እንጂ ሶፍትዌሩ በሙሉ አይቀበለውም። ስሕተቱን ያገኘው የፋብሪካው ላቦራቶሪ ሳይሆን፣ ሥራውን በየቀኑ የሚሠሩት ሰዎች ትዕግሥት ነው።

ከአደጋው የሚገኙ ትምህርቶች

1. የታካሚው ቃል ግኝት ነው። ከአደጋዎቹ በአንዳንዶቹ ታካሚዎች «አቃጠለኝ» ሲሉ፣ መሣሪያው ይህን ማድረግ አይችልም የሚል መልስ ተሰጥቷል። ስክሪኑና ታካሚው ሲለያዩ ሥራው መቆም አለበት።

2. ትርጉሙ ያልታወቀ መልእክት ሊለመድ አይገባም። «ብልሽት 54» በተጠቃሚዎች መመሪያ ውስጥ አልተብራራም። መሣሪያው በየዕለቱ ልዩ ልዩ የብልሽት መልእክት ያሳይ ስለነበር፣ ቀጥል ብሎ ማለፍ ልማድ ሆነ። ተደጋግሞ የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ ከጊዜ በኋላ የሚሰማው ሰው ያጣል።

3. «ልንደግመው አልቻልንም» ማለት «ስህተት የለም» ማለት አይደለም። ስህተት ሲያጋጥም የተጫኑትን ቁልፎች ቅደም ተከተል፣ ሰዓቱንና በስክሪኑ ላይ የታየውን ቃል በቃል መጻፍ ያስፈልጋል። ይህ ከሌለ ፈታሹ የሚነሣበት ነገር የለውም።

4. ሶፍትዌር በዳርቻው ይፈተሽ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1987 በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ያኪማ ከተማ የደረሰው አደጋ ከሌላ ግድፈት የመነጨ ነበር። አንድ ቆጣሪ 255 ከደረሰ በኋላ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደ ዜሮ ይመለስ ነበር፤ ዜሮ ደግሞ ለሶፍትዌሩ «መፈተሽ አያስፈልግም» ማለት ነበር። በ256 ጊዜ አንዴ ብቻ የሚከሰት ስህተት በጥቂት ሙከራ አይገኝም።

5. የቆየ ሶፍትዌር በአዲስ ቦታ እንደ አዲስ ይቆጠር። የታይለሩ ግድፈት በቴራክ-20ም ውስጥ ነበረ፤ በዚያ ግን የተለየው መከላከያ ስለነበር ፊውዝ ከማቃጠል ያለፈ ጉዳት አላደረሰም። መከላከያው ሲነሣ የተደበቀው ስህተት ገዳይ ሆነ።

6. ውጤቱ በሌላ መንገድ ይመሳከር። እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 በፓናማ 28 ታካሚዎች ከመጠን በላይ ጨረር ተቀብለዋል። ባለሙያዎቹ የጨረር መከለያዎችን መረጃ ባልተለመደ መንገድ ሲያስገቡ፣ ሶፍትዌሩ ምንም ሳያስጠነቅቅ ከሚገባው በእጥፍ ያህል የሚበልጥ የሕክምና ጊዜ አሰላ። በእጅ የተደረገ ስሌት ቢኖር ኖሮ ልዩነቱን ያሳይ ነበር።

በእኛ የሥራ ቦታ

አዲስ የመመዝገቢያ ወይም የስሌት ሶፍትዌር ወደ ጤና ተቋም ሲገባ፣ እውነተኛ ታካሚ ከመመዝገቡ በፊት በምናባዊ ታካሚዎች መሞከር ይገባል። ለኢትዮጵያ ሁኔታ የሚከተሉት ጥያቄዎች ይጠቅማሉ።

ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ይመዘገባል? ዕድሜው በቀን ሲሰላ ትክክል ነው? ወይስ ሶፍትዌሩ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም? «2 ሰዓት» ተብሎ የገባ የመድኃኒት መስጫ ጊዜ ጠዋት ነው ወይስ በአውሮፓ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት? «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ታካሚ «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ ይገኛል? ወይስ ሁለተኛ ካርድ ወጥቶለት የመድኃኒት አለርጂው በፊተኛው ካርድ ላይ ይቀራል? የአራስ ክብደት 3.5 ኪሎ መሆኑ ቀርቶ 35 ተብሎ ቢጻፍ ሶፍትዌሩ ያስጠነቅቃል? መብራት መረጃ በመመዝገብ ላይ ሳለ ቢጠፋ የተመዘገበው ይተርፋል?

እነዚህን ጥያቄዎች ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ላያስባቸው ይችላል፤ ነርሷ፣ ፋርማሲስቱና የካርድ ክፍል ሠራተኛው ግን በየቀኑ ያጋጥሟቸዋል። ስለዚህ የሙከራ ዝርዝሩን የሚያዘጋጁት እነርሱ መሆን ይገባቸዋል። ሶፍትዌሩ ከተሻሻለ በኋላም ዝርዝሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይደገም፤ አንዱን ስህተት ማረም ሌላውን ሊወልድ ይችላልና።

ማጠቃለያ

በታይለር ቴክኒሻኗ ቀጥል የሚለውን ቁልፍ የተጫነችው በግድየለሽነት አልነበረም፤ ማንም መልእክቱ ምን ማለት እንደሆነ አልነገራትምና። የጥራት ማረጋገጥ ዋና ተግባር ባለሙያውን መውቀስ ሳይሆን፣ ስህተቱ ታካሚው ጋር ከመድረሱ በፊት የሚያዝበትን ቦታ ማዘጋጀት ነው። የጤና ባለሙያው ያልገባውን መልእክት «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ የመጠየቅ፣ መልስ እስኪያገኝም መሣሪያውን የማቆም መብትና ግዴታ አለው።