ከአሮጌ ሲጂ 125 የውድድር ሞተር እንዴት ይወጣል? (ከኮንዮ ኮንዮ፣ ጁባ)

መብራት የሌላትን፣ መሪዋ ዝቅ ያለውን ሞተሬን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። «ስንት ትሄዳለች?»፣ «የ150 ሲሊንደር ጫንክባት?»፣ «ጁባ ውስጥ የት ልትነዳት ነው?» አንድ በአንድ ከምመልስ ሁሉንም እዚሁ ልጻፈው። ረዘም ስለሚል ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ።

መነሻዋ አሮጌ ሆንዳ ሲጂ 125 ናት። ሆንዳ ይህን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ያወጣው ጥገና ለሚያንስበት አገር አስቦ ነው። ታላቅ ወንድሙ ሲቢ 125 ካሙ ከላይ ቴስታታው ውስጥ ስለሆነ ዘይት በጊዜው ካልተቀየረለት ቶሎ ይበላል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ካሙን ወደ ታች አወረዱትና ቫልቮላዎቹ በዘንግ እንዲገፉ አደረጉ። ካቴናውንም አቧራና ጭቃ እንዳይነካው ሙሉ በሙሉ ሸፈኑት። ዛሬ ከቻይና የሚመጡት ባለዘንግ 125 እና 150 ሞተሮች አብዛኞቹ የዚህ ኢንጂን ልጆች ናቸው።

ሲጂን የመረጥኩትም ለዚህ ነው። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ውስጥ ለቦዳ ቦዳ (ለሞተር ታክሲ) ከሚሸጠው ዕቃ መካከል ፋሻ፣ ጓርኒሲዮን፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ ካርቡራቶር ለሲጂ ዘር የሚሆን አይጠፋም። ዕቃው በብዛት ከኡጋንዳ በድንበር ከተማዋ በኒሙሌ በኩል ነው የሚገባው። 192 ኪሎ ሜትሩ የጁባ–ኒሙሌ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 አስፋልት ሆኖ ከተመረቀ ወዲህ ነገሩ ቀሏል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የባጃጅ ቦክሰር ዕቃ ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ የቦክሰር ካም ያለው ከላይ ቴስታታው ውስጥ ነው። ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁ አትመኑት።

ትንሽ የመንገድ ሞተርን ለውድድር ማዘጋጀት አዲስ ነገር አይደለም። ያማሃ በሐምሌ 1955 (እ.ኤ.አ.) ሲቋቋም የነበረው ሞተር ዋይኤ-1 ብቻ ነበር፤ ባለ 125 ሲሲ፣ ከጀርመኑ ዲኬቪ አርቲ 125 የተቀዳ የመንገድ ሞተር። በዚያው ወር የፉጂ ተራራን ሽቅብ ውድድር በክፍሉ አሸነፈ። እንግሊዞችም ከዚያው ዲኬቪ ቀድተው እ.ኤ.አ. በ1948 ቢኤስኤ ባንታምን አወጡ። ፖስተኛ የሚጋልበው ሞተር ነበር፤ በኋላ ግን በእሱ ብቻ የሚወዳደሩ ሰዎች ክበብ አቋቋሙ። ገንዘብ የሌለው ወጣት ወደ ውድድር የሚገባው በዚህ በር ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የሲጂ ጉልበት 11 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ነፋሱን ለመግፋት የሚጠየቀው ኃይል በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ያድጋል። በ20 በመቶ ብቻ ለመፍጠን ከ70 በመቶ በላይ ተጨማሪ ኃይል ያስፈልጋል። 11 የነበረው 19 መሆን አለበት ማለት ነው፤ ያንን ደግሞ ከዚህ ኢንጂን ሳትገድሉት አታገኙም። ስለዚህ ትንሽ ሞተር የምትፈጥነው ሲቀነስላት ነው፤ ክብደቷም፣ ነፋስ የሚመታውም ነገር። እኔ የሄድኩበት ቅደም ተከተል ይኸውና።

1. ፍሬን። ሲጂ የፊት ፍሬኗ ከበሮ ነው። አዲስ ሸራ ገዝቶ መግጠም አይበቃም። አዲስ ሸራ ከበሮውን የሚነካው በከፊል ስለሆነ በቶርኖ ተሞርዶ ሙሉ ለሙሉ እንዲነካ መደረግ አለበት። ቶርነሪ ቤት ስትሄዱ ከበሮውም ሞላላ እንዳልሆነ አስለኩ። የፍሬን ገመዱን አዲስ አድርጉት።

2. ቴላዮና ጎማ። የመሪውን ኩሽኔታ፣ የኋላውን የሹካ ቡሽና አሞርዛተሮቹን ቀይሩ። ያረጀ ቴላዮ ብየዳው ላይ ስለሚሰነጠቅ ቀለሙን ልጣችሁ እዩት። ቸርኬው ከብረት ወደ አሉሚኒየም ቢቀየር ጥሩ ነው፤ የሚሽከረከር ክብደት ሲቀንስ መነሻውም ማቆሚያውም ይቀላል። ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢሆንም መንገድ አይጨብጥም።

3. ማራገፍ። መብራት፣ ፍሬቻ፣ መስታወት፣ የዕቃ መጫኛ፣ የተሳፋሪ እግር ማስቀመጫ፣ ማቆሚያ፣ የብረት ፓራፋንጎ፣ ሁሉም ይውጣ። በብዙዎቹ የዚህ ዘር ሞተሮች ካንዴላው እሳት የሚያገኘው ከማግኔቱ ስለሆነ ባትሪም መውጣት ይችላል። 100 ኪሎ ገደማ ከሆነች ሞተር ላይ 15 ኪሎ ማውረድ፣ ኢንጂኑን ሳትነኩ ጉልበት እንደጨመራችሁላት ቁጠሩት።

4. አቀማመጥ። መሪው በሁለት ተከፍሎ ሹካው ላይ ዝቅ ብሎ ይታሰራል፤ የእግር ማስቀመጫው ወደ ኋላና ወደ ላይ ይሄዳል፤ ሴላው የአንድ ሰው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና 60ዎቹ የለንደን ወጣቶች ኤስ ካፌ እየተሰበሰቡ ሞተራቸውን እንዲህ ሲያደርጉ ለመልክ ብቻ አልነበረም። ደረት ሰርባቶዮው ላይ ሲተኛ ነፋስ የሚያገኘው አካል ያንሳል። ነጂው ቀና ብሎ እስከተቀመጠ ድረስ የትኛውም ካርቡራቶር አያካክሰውም።

5. ጥርስ። የፊቱን ወይም የኋላውን ጥርስ መቀየር ከሁሉም ርካሹ ሥራ ነው። መስፈርቱ አንድ ነው፤ በረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ ላይ ኢንጂኑ ጉልበቱ ከፍተኛ የሚሆንበት ዙር ላይ መድረስ አለበት። ከዚያ በፊት ከቆመ ጥርሱ ከብዶታል፤ ቀድሞ ከጨረሰ ቀሎታል።

6. ኢንጂን፣ በመጨረሻ። የ150ው ጥያቄ እዚህ ጋ ይመለሳል። የ125ም የብዙዎቹ ባለዘንግ 150ዎችም የፒስተን ምት 49.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልዩነቱ ስፋቱ ነው፤ 56.5 እና 62። ለመንገድ ሊሆን ይችላል፤ ለ125 ውድድር ግን ከክፍሉ ያስወጣችኋል። እኔ አልጫንኩም። የሠራሁት ቫልቮላዎቹን ማስሞረድ፣ የቴስታታውን የአየር መተላለፊያ ማለስለስ፣ ጠንከር ያለ ሞላ መግጠምና ሰፋ ያለ ካርቡራቶር ማድረግ ነው። ካሙን ለመለወጥ ለምትጓጉ ይህን እወቁ፦ የሲጂ ካም አንድ ጉብታ ብቻ ነው ያለው፤ የመግቢያውንም የመውጫውንም ቫልቮላ የሚያነሳው እሱ ነው። አንዱን ብቻ ማስተካከል አይቻልም። ዙሩም ገደብ አለው፤ በጣም ከፍ ሲል ዘንጎቹና ቫልቮላዎቹ ካሙን መከተል ያቅታቸዋል። ኮምፕሬሽን መጨመርን ደግሞ ተዉት። ጁባ ውስጥ በመንገድ ዳር በጠርሙስ የሚሸጠው ቤንዚን ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም፤ ደካማ ቤንዚን ከከፍተኛ ኮምፕሬሽንና ከዚህ ሙቀት ጋር ሲገናኝ ፒስተን ይበሳል።

አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ጁባ ከባሕር ጠለል 550 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በከፍታው ምክንያት አየሩ ስለሚሳሳ ያው ኢንጂን አዲስ አበባ ላይ አንድ አምስተኛ ገደማ ጉልበት ያጣል። ካርቡራቶሩ ለአዲስ አበባ የተስተካከለ ሞተር ጁባ ሲመጣ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ይግላል፤ የቤንዚን ቀዳዳውን (ጂግለሩን) ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ከጁባ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ በተቃራኒው ነው። የካንዴላውን ቀለም እዩ፤ ቡናማ ከሆነ ጥሩ፣ ነጭ ከሆነ አደጋ፣ ጥቁር ከሆነ ብክነት ነው።

ሰው የሚረሳቸው ትንንሽ ነገሮችም አሉ። የዘይት ብሎኖች ተበስተው በሽቦ ይታሰሩ፤ አስፋልት ላይ የፈሰሰ ዘይት የሚጥለው ከኋላ የሚመጣውን ሰው ነው። የፍሬንና የፍሪሲዮን ማንሻዎች ጫፋቸው ድቡልቡል ይሁን። የቁጥር ሰሌዳውን የጠየቃችሁኝ፣ በድሮው የዓለም ውድድር ሥርዓት የ125 ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነጭ ቁጥር ነበር፤ የ250ው አረንጓዴ፣ የ350ው ሰማያዊ።

የት ትነዳለች ላላችሁኝ፦ ኮንዮ ኮንዮ ውስጥ አትነዳም። መብራትና መስታወት የሌላት ሞተር በሚኒባስ፣ በቦዳ ቦዳና በእግረኛ መሐል ቦታ የላትም። ለተዘጋ ሜዳ የተሠራች ናት፤ ወደዚያ የምትሄደው በመኪና ተጭና ነው። የመንገድ ሞተራችሁን ለመልክ ብላችሁ እንዲህ ልታደርጉ ካሰባችሁ መብራቱን፣ መስታወቱንና ፓራፋንጎውን አታውልቁ።

በመጨረሻም፣ ኢትዮጵያ ውስጥ አባት ወይም አጎት የተዋት አሮጌ ጃፓን ሠራሽ ሞተር በየጓሮው አለ። ቴላዮዋን ከመቁረጣችሁ በፊት አስቡ፤ የምታወልቁትን ዕቃም ካርቶን ውስጥ አስቀምጡ፤ ነገ ወደነበረችበት ልትመልሷት ትፈልጉ ይሆናል። የሚሠራ ሰው ካለ የሞተሩን ዓይነትና ዓመተ ምሕረቱን ከፎቶ ጋር ይላክልኝ፤ የማውቀውን እነግራችኋለሁ። ግን ስለ ካርቡራቶር ከመጠየቃችሁ በፊት ፍሬኑን ጨርሱ።