ተጨማሪ መረጃ፦ ጨረቃ ከሸሕዲ ስትታይ

ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም፤ የምታበራው የፀሐይን ብርሃን አንጸባርቃ ነው። መሬትን ስትዞር፣ ብርሃን ካረፈበት ጎኗ ለእኛ የሚታየው መጠን ስለሚለያይ መልኳ በ29 ቀን ተኩል ገደማ ይፈራረቃል። በሸሕዲ ከተማ ለጋዋ ጨረቃ ፀሐይ እንደጠለቀች በምዕራብ፣ በሱዳን ድንበር አቅጣጫ፣ እንደ ማጭድ ቀጥና ትታያለች፤ የረመዳን ጾም መግቢያም የሚታወቀው በእርሷ ነው። ከሳምንት በኋላ ግማሽ ትሆናለች። በ15ኛው ቀን ገደማ ሙሉ ሆና ምሽት 12 ሰዓት አካባቢ በምሥራቅ ትወጣለች፤ ከዚያ እየጎደለች ሄዳ ትሰወራለች።

ሙከራ፦ ክፍሉ ይጨልማል። አንድ ተማሪ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ኳስ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ከራሱ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ በበራ ባትሪ ፊት ቀስ እያለ ባለበት ይዞራል። ባትሪው እንደ ፀሐይ፣ ኳሱ እንደ ጨረቃ፣ የተማሪው ራስ እንደ መሬት ነው፤ በኳሱ ላይ የሚታየው ብርሃን ሲሰፋና ሲጠብ ያስተውላል።